ሚስቴ መናገር አቆመች፤ ባልዲው ግን አላቆመም

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሥራ የማሳድር ሰው አይደለሁም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መንጠባጠብ ከጀመረ ሰባት ወር አለፈው። የልጆቹ ክፍል አምፖል ተቃጥሏል። የቁም ሳጥኑ አንድ በር ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል። የምጣዱ ሶኬት ይሞቃል። የልጄ ቦርሳ ዚፕ ተበላሽቶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሁሉንም ‹ቅዳሜ እሠራዋለሁ› እላለሁ። ቅዳሜ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ወይ ደግሞ ድካም አለ። ባለቤቴ በፊት ትጨቀጭቀኝ ነበር። ካቆመች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። መጀመሪያ እፎይ አልኩ። አሁን ግን እየፈራሁ ነው። ከቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀምጣለች። ልጆቹን ካስተኛች በኋላ ስትደፋው ይሰማኛል። ምንም አትለኝም። የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሁሉንም በአንዴ ልገላገል አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል? ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?»

ባልዲው የሚጮህብኝ፣ ከጀሞ

ልጄ፣ (ልጄ ስልህ ቅር እንዳይልህ። አንተን የሚያህል ወንድ ልጅ አለኝ፤ የእሱንም ቤት ቧንቧ አይቼዋለሁ።)

ስለ ስንፍናው እንመለስበታለን። መጀመሪያ ስለ ሶኬቱ። ከጻፍካቸው አምስት ነገሮች መሀል በሦስት ቃል ሸጎጥ አድርገህ ያለፍከው እሱን ነው። እኔ ግን እሱን ካነበብኩ በኋላ የቀረው ደብዳቤ አልታይ አለኝ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፤ ለ220 ቮልት አካፍለው። 16 አምፔር ይመጣል። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ይህንኑ ያህል ነው፤ ትርፍ የለውም። ከውስጥ ሽቦዋ ከብሎኗ ሥር ላላ ካለች ትግላለች፤ ስትግል ደግሞ ይበልጥ ትላላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ኤሌክትሪሺያን እስኪያየው ድረስ በዚያ ሶኬት እንጀራ አይጋገርም። ከሱቅ ግዙ። ለጥቂት ቀን የሱቅ እንጀራ መብላት ማንንም አልገደለም። ራስህ ልትፈታው እንዳትሞክር። ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆነህ ደውልለት። ይኸው ነው። አሁን ወደ ሌላው እንሂድ።

ፈቃድ ልትወስድ ያሰብክበትን ቀን እርሳው። ይህን ዘመቻ አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነበር የሚታወጀው። ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው መጋረጃ፣ የሚንገዳገደው ወንበር፣ እጀታው የወለቀው በር፣ ሁሉም በጳጉሜን አምስት ቀን ውስጥ ትዝ ይለናል። መጨረሻውም ይታወቃል። የበዓሉ ዋዜማ ቤቱ በሙሉ ተኳርፎ ያመሻል።

የአንተም ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ልንገርህ። ጠዋቱ ፒንሳ ፍለጋ ያልቃል። ጎረቤት ወስዶት ነበር፤ ጎረቤትየው ደግሞ የለም። አራት ሰዓት ላይ ቁም ሳጥኑን ፈታተህ ልብሱን አልጋ ላይ ትከምረዋለህ። ከዚያ ቧንቧው ትዝ ይልህና ሱቅ ትወርዳለህ። የገዛኸው ጎማ ይሰፋል። ተመልሰህ ትወርዳለህ። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ። ስምንት ሰዓት ላይ ከቢሮ ይደውሉልሃል። ሲመሽ አንድ ሥራ አልቋል፣ ሦስቱ ተከፍተው ቀርተዋል፤ ባለቤትህም ልብስ የተከመረበትን አልጋ እያየች ቆማለች።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ያ ትልቅ ቀን እስኪመጣ ድረስ ትንሿን ሥራ ላለመሥራት ለራስህ ፈቃድ ሰጠህ ማለት ነው። «ቅዳሜ» ስትል ቀጠሮ የያዝክ ይመስልሃል። ሰባት ወር ስንት ቅዳሜ እንዳለው አንተው ቁጠረው።

እሺ፣ ስንፍናው። ሰነፍ አትመስለኝም። ሰነፍ ሰው ማታ ባልዲ ሲደፋ አይሰማውም፤ ተኝቷል። ግን አንድ ነገር እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬ ማታ ስልክህን አስቀምጥና ባለቤትህን ለአንድ ሰዓት ያህል ተመልከታት። የምትሠራውን ሳይሆን መቼ እንደምትሠራው እይ።

ቡሃቃውን ለምሳሌ። ሊጡ እንደተገለበጠ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረህ በመዳፍህ ዞር ዞር ብታደርግበት ይለቃል፤ ደቂቃ አይፈጅም። (ሙቅ ውሃ አታድርግ፤ ሊጡ እዚያው በስሎ ይጣበቅብሃል።) እስከ ማታ ከተውከው ግን ጠርዙ ላይ ይደርቅና ቅርፊት ይሆናል። እሱን ለማስለቀቅ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በጥፍር መፋቅ፣ እንደገና መዘፍዘፍ ነው። የገንፎ ድስትም ያው ነው። ጀበናም እንደዚሁ፤ አተላው ሁለት ሦስት ቀን ከተረሳ ይሻግታል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ እጅ አይገባም። የልጆቹ ምሳ ዕቃ ማታ ካልታጠበ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ክዳኑን ስትከፍተው ይሸትሃል። ምሳ ዕቃ ቅዳሜ የሚባል ነገር አያውቅም።

አየህ፣ እሷ እጅ የገቡት ሥራዎች ትዕግሥት የላቸውም። አንተ እጅ የገቡት ደግሞ ታጋሾች ናቸው። ቧንቧ ሰባት ወር ይታገሣል። የወለቀ በር ግድግዳ ተደግፎ ዓመት ይቆያል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልተከፋፈለውም። ድስቱ ለሷ፣ ብሎኑ ለሱ ተብሎ ከእናት ከአባቶቻችን እንደወረደ ተቀበልነው። ወዲያው የምትሠራው ከአንተ ይልቅ ብርቱ ሆና ስለተፈጠረች አይደለም። ካሳደረችው ሥራው ስለሚቀጣት ነው።

አንተን የሚቀጣህ ሥራ ያለው ቢሮ ነው፤ ለዚያም ነው እዚያ የማታሳድረው። ወር መዝጊያ ላይ ሒሳቡን «ቅዳሜ እሠራዋለሁ» ብትል ምን እንደሚከተል ታውቃለህ። ቤት ያለው ቧንቧ ግን አለቃ የለውም። አለቃው እሷ ነበረች። እሷም ሥራዋን ለቀቀች።

ስለ ዝምታዋ ልዋሽህ አልችልም። የምትጨቀጭቅ ሴት ገና ተስፋ አልቆረጠችም። ይሠራዋል ብላ ስለምታስብ ነው የምትናገረው። ባልዲ ያመጣች ቀን ግን ሌላ መላ አገኘች፤ አንተ የሌለህበት መላ። በዚህ ተነሥተው «ትዳርህ አብቅቶለታል» ብለው ሰው የሚያስደነግጡ መካሪዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ አይደለሁም። በቧንቧው ጉዳይ ብቻ ነው ከአንተ መጠበቅ የተወችው። ለጊዜው።

ይህን የምናገረው እኔ ከደሙ ንጹሕ ሆኜ እንዳይመስልህ። ቀድሞ በምንኖርበት ግቢ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበረ። በጋውን ሙሉ ቅጠሉ አሸንዳው ውስጥ ይረግፋል። ሚያዝያ ላይ አየሁት። መሰላል አቁሞ ወጥቶ ቅጠሉን በእጅ እየዘገኑ ማውረድ ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ። መሰላል ግን አልነበረንም። መሰላል ካለው ጎረቤት ጋር ደግሞ በማይረባ ነገር ተቀያይመን ነበር፤ በዶሮ ምክንያት። ትንሽ ይብረድልኝና እጠይቀዋለሁ አልኩ። ግንቦት አለፈ። ሰኔ ገባ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ አሸንዳውን ሞላና ወደ ኋላ፣ ወደ ቆርቆሮው ሥር ተመለሰ። ኮርኒሱ መጀመሪያ የሻይ ቀለም ያዘ። ከዚያ ሆዱ ተነፋ። ጠዋት ልጆቹ ከአልጋ ተነሥተው ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ከኋላችን ዘጭ አለ። የወደቀው በተነሡበት አልጋ ላይ ነበር።

አባታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጭቃውን እያየ «ሳይቃጠል በቅጠል» አለ። ይህ ተረት ትዝ የሚለን ሁልጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጎረቤቴም ጩኸቱን ሰምቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ።

ልብ በል። እኔን ያቆመኝ ሥራው አልነበረም። መሰላሉ ነው።

አንተንም ያቆመህ እንዲህ ያለ ነገር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። «ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ወዲያው ሥራ» የሚል ምክር አሁን በየቦታው ትሰማለህ። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን ፒንሳ የሌለው ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ የለውም። አምፖል መቀየር ሁለት ደቂቃ ነው፤ አምፖሉ ካለ። ከሌለ ወርዶ፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቦ፣ ገዝቶ፣ ሦስት ፎቅ ወጥቶ፣ ወንበር ፈልጎ መቀየር ነው። ልብህ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ክፍል ባለፍክ ቁጥር ዓይንህ ወደ ጣሪያው የማይወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የሥራ ዝርዝር እንዳታወጣ። የጎደለውን ዕቃ ጻፍ።

ለአምፖሉ የጎደለው አምፖል ነው። ማብሪያውን አጥፍተህ የተቃጠለውን ፍታና ቦርሳህ ውስጥ ክተተው። ባለሱቁ «የሚጠመዘዘው ነው ወይስ ተጭኖ የሚገባው?» ሲልህ አውጥተህ ታሳየዋለህ። ሁለት ግዛ፤ አንዱ ይቀመጥ። ለቦርሳው ዚፕ የሚያስፈልገው አንተ ሳትሆን ጫማ ሰፊው ነው። ዓርብ ማታ ደብተሮቹን አውጣና ቅዳሜ ጠዋት ወስደህ ስጠው። (ይኸውልህ፣ እውነተኛ የቅዳሜ ሥራ አገኘንልህ።)

ለቁም ሳጥኑ በር የጎደለው ኮላና የክብሪት እንጨት ነው። አትሳቅ። ቺፑድ ላይ የብሎኑ ቀዳዳ አንዴ ከሰፋ የቱንም ያህል ብታጠብቀው አይዝም። የክብሪቱን ራስ ቆርጠህ ጣል፤ ሁለት ሦስቱን እንጨት ኮላ ቀብተህ ቀዳዳው ውስጥ ወትፍ፤ ይደር፤ በማግሥቱ ብሎኑን መልሰህ እሰር። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ሥራ ቢቆይም አይባባስም። እንዲህ ያለውን ለይተህ «በሩ ከበዓል በኋላ ነው» በላት። ልጆቹ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ አልጋ ሥር አጋድመው። ቀን ቆርጦ ማቆየት ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ «ነገ፣ ነገ» እያሉ ሰውን ማንጠልጠል ነው።

የሚባባሰውን ከማይባባሰው ለመለየት ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም። ውሃና መብራት ይባባሳሉ። እርጥበት የነካው በርበሬ ይባባሳል፤ ዛሬ ፀሐይ ላይ ካልወጣ ከርሞ ሻግቶ ታገኘዋለህ። የመብራት ካርድም እንዲሁ ነው፤ ሊያልቅ ሲል ካልሞላኸው የሚያልቀው ሌሊት ነው። ድሮ ለመብራት አንድ ሰልፍ፣ ለውሃ ሌላ ሰልፍ ነበር፤ ብናሳድረው ይፈረድልን ነበር። አሁን ብዙው ክፍያ ከስልክ ላይ ሆኖ ያልቃል። የደበዘዘ ቀለም፣ የወለቀ በር ግን ባሉበት ይቆያሉ።

ቧንቧው ይባባሳል። እጀታው የሚጠመዘዘው፣ የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ ውስጡ ጫፉ ላይ የሳንቲም ያህል ጎሚኒ፣ ማለትም ትንሽ የጎማ ማሸጊያ፣ አለች። ስትዘጋው ቀዳዳውን የምትደፍነው እሷ ናት። ስታረጅ ትደድራለች፣ ትሰነጠቃለች፣ ውሃው በዚያ ይሾልካል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? አጥብቆ ይዘጋዋል። አጥብቆ በዘጋ ቁጥር ጎሚኒዋ ይበልጥ ትጨፈለቃለች። ብዙ ሲቆይ ደግሞ ጎሚኒዋ የምታርፍበትን ነሐስ ራሱን ውሃው ይበላዋል። ያኔ ጎሚኒ መቀየር አይበቃም፤ ቧንቧውን ከነነፍሱ መለወጥ ነው። ሰባት ወር ስላለፈው ይህም ሊያጋጥምህ ይችላል፤ እንዳትደነግጥ።

ስንት እንደሚፈስ ራስህ ለካው። ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከሥሩ አድርግና ሰዓት ያዝ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ከሆነ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጢም ይላል። በቀን ከ4 ሊትር በላይ ማለት ነው። በወር 130 ሊትር ገደማ፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ተኩል። ባልዲው በየማታው የሚደፋ ከሆነ የአንተ ከዚህም ሳይበልጥ አይቀርም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ሊያውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ስድስት ጀሪካን ተሸክመህ ያንን ደረጃ ወጥተህ ታውቃለህ?

አሠራሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው የመታጠቢያ ቧንቧ የግማሽ ኢንች ስለሆነ በዚያ ልክ ሁለት ሦስት ጎሚኒ ገዝተህ ግባ። መፍቻና ካቻቢቴ አዘጋጅ። ወደ ቤታችሁ የሚገባውን ውሃ ዝጋ። ኮንዶሚኒየም ላይ መዝጊያው አንዳንዱ ቤት ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ ታች ቆጣሪው ጋ ነው፤ የእናንተ የት እንዳለ ዛሬውኑ እወቅ፤ ቧንቧ የሚፈነዳው ሰው አስጠንቅቆ አይደለም። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ከሆነ በጉልበት አትጠምዝዘው። ከተሰበረ ብሎኩ በሙሉ ያውቅሃል። ከዘጋህ በኋላ ቧንቧውን ክፈትና የቀረውን ውሃ አፍስስ። የመታጠቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈነው፤ ትንሿ ብሎን እዚያ መግባት ትወዳለች። እጀታውን ፍታ። ከሥሩ ያለውን ራስ በመፍቻ ፍታና አውጣው። ጎሚኒዋ ጫፉ ላይ ናት። አሮጌዋን ንቀል፣ አዲሷን አድርግ፣ መልሰህ ግጠም፣ ውሃውን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ልኳ ካልሆነች አሮጌዋን ይዘህ ውረድ። ለዚህ ነው ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት መጀመር ያለብህ። ማታ 2 ሰዓት ለዚህ አይመችም፤ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ግባ።

አንድ ማንሻ ብቻ ያለው፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያቀላቅለው ዓይነት ከሆነ ውስጡ ሌላ ነው። እሱን ለቧንቧ ሠራተኛ ተውለት። ሠራተኛ መጥራትም ሥራ መሥራት ነው። «እኔ ራሴ እያለሁ ለምን ገንዘብ እናወጣለን» የሚል ወንድ ያለበት ቤት ነው ብዙ ጊዜ የሚንጠባጠበው። ልጄም እንዲሁ ይላል።

ዕቃዎቹን የት ታስቀምጣለህ? ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ እንዳትለኝ። የብስኩት ቆርቆሮ ፈልግ። በየቤቱ አለ፤ ብስኩቱ አልቆ መርፌና ክር የሚኖርበት። እዚያው ላይ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴፍሎን (ቧንቧ ሲገጠም ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ቴፕ)፣ የተረፉት ጎሚኒዎች፣ ኮላ፣ ፕላስተርና የሸሚዝ ቁልፎች ጨምርበት። ለትልቁ መፍቻ ቦታ ካነሰው አጠገቡ ይተኛ። በር አጠገብ፣ ጫማ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። ጎረቤት ሲጠይቅህ አትከልክል፤ ግን የወሰደውን ሰው ስም ክዳኑ ላይ ጻፍ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። አሁን ካቻቢቴዬ ያለው ከታች ያለችው ልጅ ጋ ነው።

የቀረው ሰዓቱ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ትገባለህ። ጫማህን ሳታወልቅ ሥራው። (ባለቤትህ በጫማ አትግባ የምትል ከሆነ ኮትህን ሳታወልቅ።) ሶፋው ላይ ከተቀመጥክ አለቀልህ፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ አምፖል አይቀይርም። እኔም አልቀይርም። ገብተህ፣ ልጆቹን ስመህ፣ በቆምክበት አንዷን ብቻ። ሁለት ካልሠራሁ ብለህ እንዳትጓጓ፤ እሱ ያው የዘመቻ አመል ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለኝ። ይህን ሲያነቡ የሚስቁ ወንዶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ይሳቁ። ከእሷ ትዕግሥት የለሽ ሥራዎች አንዱን ውሰድ። ለምሳሌ የእራቱን ድስት። «ላግዝሽ» ብለህ አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ሥራ ይሁን። እራት እንደተነሣ፣ ወጡ ሳይደርቅ። እጅህ «አሁን»ን የሚማረው ከሚቀጣ ሥራ ነው። አንድ ማታ ሽሮ የተሠራበትን ድስት እርሳውና ጠዋት ሥሩን በሹካ ስትፍቅ ታስታውሰኛለህ። ልጄን ይህንኑ ነግሬው ሞክሮታል። በአራተኛው ሳምንት ማንም ሳያስታውሰው የጓዳውን በር እጀታ አጠበቀ። ቧንቧውን ገና አልሠራም፤ አልዋሽህም።

ሥራውን ስትጨርስ እንዳትናገር። «አየሽ፣ ሠራሁልሽ» አይባልም። ፊትህን የምትታጠበው አንተም እዚያው ነው። ሰባት ወር የቆየ ሥራ ጭብጨባ የለውም። ምናልባት አንድ ሳምንት ምንም አትልህም። ታይሃለች። በጎ ታደርጋለች።

ባልዲውን ግን አንሥተህ በረንዳ ላይ እንዳትወረውረው። ስትደፋው ይሰማኛል አልከኝ፤ የት እንደምትደፋው ግን አልጻፍክልኝም። ተነሥተህ አይተህ ታውቃለህ? እንደኔ ግምት ሽንት ቤቱ ላይ ነው። ውሃ በጠፋባቸው ቀናት ቤታችሁ የማይሸተው በዚያ ባልዲ ይሆናል። ስለዚህ ቧንቧው ሲያልቅ ባልዲውን ይዘህ ሂድና «ይሄን የት ላስቀምጠው?» ብለህ ጠይቃት። የምትልህን ስማ።

ኤሌክትሪሺያኑ ምን እንዳለህ ደግሞ ጻፍልኝ።